ጭምብሉን ቀድማ የምታጠልቅ ሴት

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ባሏ እንደ ልማዱ ቀድሟት ተነሥቶ ነበር። ሻዩ ተጥዷል። የጎማ ቦት ጫማዎቹ በሩ ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በአንደኛው ውስጥ ካልሲ፣ በሌላኛው ውስጥ ጓንት ተወትፏል። እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የዕቃ ከረጢቱን ይሞላል፤ ሁለት ብሩሽ፣ የብሩሽ ረጅም እጀታ፣ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ የዐይን መከላከያ መነጽር፣ የአትክልት ውሃ ማጠጫ፣ አንድ ከረጢት ሶዳ፣ በመጨረሻም ጭምብሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የመዋኛ ገንዳ ሲያጥብ ከረጢቱን በሌላ ቅደም ተከተል ሞልቶት አያውቅም። ጭምብሉ ከሁሉም በላይ ነው የሚቀመጠው።

ተነሥታ ፊቷን ለመታጠብ ሄደች። ሳሙናውን ፊቷ ላይ እያሸች ሳለ አንድ ነገር ጎደለባት፤ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆየች። ሳሙናው አይሸትም። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሳበች። ምንም የለም፤ አፍንጫዋ በጭቃ እንደ ተደፈነ ቀዳዳ ነው። ትናንት ማታ ጉሮሮዋን ከርከር ሲያደርጋት ንቃ ትታው ነበር። ወደ ምድጃው ሄደች፤ ላምባውም አይሸትም። የሻዩ እንፋሎት ላይ ጎንበስ ብላ ደጋግማ ሳበች። እንፋሎቱ ፊቷን አሞቀው እንጂ ሌላ ነገር አላመጣላትም።

"ምነው፣ ሻዩን ልትታጠኚው ነው ወይስ ልትጠጪው?" አለ ባሏ ቀና ሳይል።

"እየነቃሁ ነው።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ? ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?"

"የምን ጉንፋን! እንቅልፍ ነው።"

"እንቅልፍ በአፍንጫ ሲያወራ ዛሬ ሰማሁ።" አሁን ቀና ብሎ አያት። "ከያዘሽ ቅሪ። አንድ ገንዳ ናት፤ ብቻዬን እወጣታለሁ።"

"ብቻህን የወጣሃትን አይተናል።"

እሱም የምትለውን ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት እሷን ትኩሳት ጥሏት ብቻውን የሄደ ቀን፣ ማታ አመድ መስሎ ነበር የተመለሰው። ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃ ላይ እንደሚወጣ ሰው እየተነፈሰ ከረመ። ያን ጊዜ፣ "እኔ በሌለሁበት ገንዳ ውስጥ ከወረድክ ቤቴን አትርገጥ" አለችው። እሱም ምሎ ነበር። ግን ሥራ የሚወድ ሰው መሐላ ምን ያህል እንደሚይዘው ታውቃለች። ዛሬ "አዎ፣ ይዞኛል" ብትለው እሷን አልጋ ውስጥ ከትቶ፣ በሩን በቀስታ ዘግቶ እንደሚሄድ አልተጠራጠረችም። ስለዚህ አፍንጫዋን ውጭ ወጥታ ተናፈጠች፤ ተመልሳም ሻይዋን ጠጣች።

እሱ አይሸተውም። ከእነሱ ከሁለቱ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ክሎሪኑና አሲዱ የማሽተት አቅሙን እንደ ጨዋ ሌባ ቀስ እያሉ ነበር የወሰዱበት። መጀመሪያ የአበባ ሽታ ሄደ፤ ቀጥሎ የሽንኩርት፤ ከዚያ የላብ። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ድስቱ ከስሎ፣ ቤቱ በጭስ ተሞልቶ፣ እሱ እዚያው ምድጃው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ብሩሽ ሲጠግን አገኘችው። ያን ዕለት ነው ሁለቱም ያወቁት። እሷ ስታለቅስ እሱ እየሳቀ፣ "አፍንጫ ሲመታ ዐይን ያለቅሳል ማለት ለካ እውነት ነው! የኔ አፍንጫ ተመትቶ ያንቺ ዐይን ያለቅሳል" አላት።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጭምብሉ ግራና ቀኝ የሚጠመዱ ሁለት ክብ ማጣሪያዎች አሉት። የአሲዱን ጋዝ ይዘው የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው። የያዙት ሲበዛባቸው ግን ይሞላሉ፤ ከሞሉ በኋላ ጋዙን ያሳልፉታል። ሲሞሉ ቀለማቸው አይለወጥ፣ ድምፅ አይሰጡ። ማለቃቸው የሚታወቀው ጭምብሉን ያጠለቀው ሰው የአሲዱ ሽታ ሰርስሮ ሲገባበት ነው። አፍንጫ የሌለው ሰው በዚህ ጭምብል ቢተማመን ዕውር ዘበኛ እንደ መቅጠር ነው።

ስለዚህ አንድ ልማድ አወጡ። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ጭምብሉን መጀመሪያ የምታጠልቀው እሷ ናት። አጥብቃ ታስረዋለች፤ የአሲዱን ጀሪካን ትከፍታለች፤ አፉ ላይ ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ሽታው ከገባ "ሞቷል" ትላለች፤ ማጣሪያው ይጣላል፣ አዲስ ይጠመዳል። ካልገባ "በሕይወት አለ" ትላለች። ከዚያ ጭምብሉን አውልቃ፣ በሽርጧ ጠርጋ፣ ለእሱ ታጠልቅለታለች። በዚህ የተነሣ "አፍንጫዬ" ይላታል። ሰው ደግሞ አፍንጫዋ ትልቅ ስለ ሆነ የሚቀልድባት ይመስለዋል። አፍንጫዋ በእርግጥም ትልቅ ነው። የጠየቃት ሁሉ እንደ መሰለው እንዲያስብ ትተወዋለች።

ሊወጡ ሲሉ የቁም ሣጥኑን መሳቢያ ከፈተች። አንድ ጥንድ አዲስ ማጣሪያ ከነማሸጊያው እዚያ አለ። የተጠመዱት ሦስት ገንዳ ሠርተዋል፤ ባለፈው ሳምንት በሕይወት አሉ ብላ የመሰከረችው ራሷ ናት። ዛሬ ቀይር ብትለው ለምን ይላል፤ ለምን ካለ ደግሞ ጉንፋኑ ይወጣል። ጉንፋኑ ከወጣ እሷ ትቀራለች፣ እሱ ይሄዳል። መሳቢያውን ዘጋችው። እዚያ እስክንደርስ አፍንጫዬ ይከፈትልኛል ብላ አሰበች፤ የጠዋት ነፋስ ብዙ ጊዜ ይከፍትላታል።

ከዘጋችው በኋላ እጀታው ላይ እጇ ጥቂት ቆየ።

ሆቴሉ በር ላይ የሚያውቃቸው ሽማግሌ ዘበኛ ቆሟል። "ሊቀ ገንዳ! እንደምን አደርክ?" አለ። ይህን ማዕረግ የሰጠው እሱ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ተቀብሎታል።

"ደህና፤ አንተስ፣ ሊቀ በር?"

"እኔማ በሬን ይዤ አለሁ። አንተ ግን ዛሬ ጠንቀቅ በል፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ትናንት ሰዎች አምጥቶ ገንዳውን ሲያስለካ ነበር። መኪናቸው ላይ የሚያጓራ ማሽን ጭነዋል።"

"ማሽን ያጓራል እንጂ ጥግ ጥጉን አያውቅም።"

"እኔን ምን ታሳምነኛለህ? እሱን አሳምን።" ወደ እሷ ዞረ። "እህት ዓለም፣ ምነው ዐይንሽ ቀላ?"

"ነፋሱ ነው" አለች።

ነፋስ ግን አልነበረም። የጠዋቱ አየር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገንዳው ዳር ሲደርሱ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር አዩ። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶች ምቾት ብሎ ዙሪያውን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የመስተዋት ግድግዳ አስተክሏል። ያምራል፤ ውስጡ ግን እንደ ተከደነ ድስት የታፈነ ነው። ባሏ ቆም ብሎ ግድግዳውን አየ፤ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ አነሣ።

"አይነፍስም" አለ ለራሱ።

ገንዳው ትናንት ተመጥጦ ባዶ ሆኗል። ከበላዩ ቆመው ሲያዩት የታመመ ሰው አፍ ይመስላል፤ የውሃው ልክ የነበረበት ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት ዙሪያውን ጋግሯል፣ ከእሱ በታች አረንጓዴ ሻጋታ፣ ደረጃው ብረት ሥር ቡናማ የዝገት ዕንባ። በአንድ በኩል ጥልቀቱ እስከ ወገብ ነው፤ እየተንሸራተተ ወርዶ በሌላው በኩል ሁለት ሰው ቢደራረብ የማይታይበት ጉድጓድ ይሆናል። የአሲድ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ የሚወርደው፣ ወርዶም የሚተኛው እዚያ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን በእጁ ይዞ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። "እንደምን አደራችሁ፣ አባቴ። ነገ እንግዶች አሉን። እስከ አምስት ሰዓት ካለቀ ውሃ መሙላት እንችላለን። ባለቤቶቹ ደግሞ ሥራውን እንዳየው ነግረውኛል፤ ይቅርታ፣ እዚሁ እቆማለሁ።"

"ቁም፣ ልጄ። ዳሩን ብቻ አትርገጥ፤ ጫማህ ያምራል።"

ባሏ ትልቁን የፕላስቲክ በርሜል ውሃ ሞላ፤ ከዚያ ሆቴሉ ያስመጣውን ጀሪካን አንሥቶ አሲዱን በቀጭኑ ወደ ውሃው ማፍሰስ ጀመረ። ወጣቱ ሲያየው፣ "አሲድ እንግዳ ነው፣ ውሃ ባለቤት" አለው። "እንግዳ ወደ ባለቤት ቤት ይገባል። ባለቤቱ እንግዳው ላይ ዘሎ ከገባ ግን ጠብ ነው፤ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይተፋብሃል። ማሽኑን ያመጡልህ ሰዎች ይህን ካላወቁ ከሩቅ ሸኛቸው።" ሶዳውን ለብቻው በባልዲ አዘጋጀ፤ አሲድ ሰው ላይ ቢፈናጠቅ የሚታጠብበት የውሃ ቱቦ ከፍቶ ለእሷ ሰጣት። ቱቦው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አይዘጋም። ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ጭምብሉን ከከረጢቱ አንሥቶ ዘረጋላት።

"እሳቸው ናቸው እንዴ የሚወርዱት?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"የለም፣ እኔ ነኝ። በቤታችን ሾርባውንም ቀድማ የምትቀምሰው እሷ ናት።"

አጠለቀችው። ማሰሪያውን ከጆሮዋ በላይ ሳበች። ጀሪካኑ አፍ ላይ ጎንበስ አለች። በአፍንጫዋ የሚገባው አየር ትንሽ ነው፤ ያፏጫል። አንድ። ምንም። ሁለት። ዐይኗን ቆጠቆጣት፤ ግን ዐይኗ ሁልጊዜም ይቆጠቁጣታል፣ ጭምብሉ ዐይን አይሸፍንም። ሦስት። ምንም። ነገር ግን ይህ "ምንም" ጠዋት ሳሙናው ላይ ያገኘችው "ምንም" ነው፤ ከላምባው፣ ከሻዩ የተለየ አይደለም። አራተኛ ሳበች።

"እ?" አለ ባሏ።

ቀና ስትል ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል። ባሏ ደግሞ እሷን ያያል፤ ሽርጡን ታጥቆ፣ ቦቱን አጥልቆ፣ እጆቹን ለጭምብሉ ዘርግቶ። በእሷ አፍ የሚወጣውን ቃል ሳይመረምር እንደሚቀበል ፊቱ ላይ ይታያል። አይሸተኝም ማለት የነበረባት ያን ጊዜ ነው። ግን በማያውቁት ሰው ፊት እንዴት ትላለች? እሱስ አፍንጫ እንደሌለው በዚያው አይታወቅበትም?

"በሕይወት አለ" አለች።

በሽርጧ ጠርጋ አጠለቀችለት።

ሥራው እንደ ወትሮው ጀመረ። እሱ ከጥልቁ በተቃራኒ፣ ወገብ ድረስ ብቻ በሚጠልቀው በኩል ገባ። እሷ ከላይ ግድግዳውን በውሃ ታረጥባለች፤ እሱ በማጠጫው አሲዱን ከላይ ወደ ታች ያንቆረቁራል፤ ግድግዳው ይንሿሿል፣ ነጭ አረፋ ያወጣል፤ እሱ በብሩሽ ይፈትጋል፤ ወዲያው እሷ ታጥባለች። አሲዱ ከሚገባው በላይ ከቆየ ቆሻሻውን ትቶ ግድግዳውን ይበላል። ስለዚህ ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ እሱ ብሩሹን ሲያነሣ የእሷ ውሃ መድረስ አለበት። መነጋገር አያስፈልጋቸውም። እሱ ግን ጭምብሉ ውስጥ ሆኖ ያወራል። ለሌላ ሰው በርሜል ውስጥ እንደ ገባ ንብ ይሰማል እንጂ ቃል አይለይም። እሷ ግን ሁሉንም ትሰማለች።

"ምን እያሉ ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ጫማህ ላይ ተረጭቷል እያለ ነው።"

ወጣቱ ዘሎ ወደ ኋላ ሄደ። ከታች የንቡ ድምፅ ተንቀጠቀጠ፤ ባሏ እየሳቀ ነው። እሷም ለቅጽበት ሁሉንም ረስታ ሳቀች።

አራት ሰዓት ገደማ ጥልቁ ላይ ደረሰ። ያጠበው ውሃ ሁሉ ተንሸራትቶ እዚያ ተጠራቅሞ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ነው፤ ከላዩ ስስ ነጭ ጭጋግ ተኝቷል። በሌላ ቀን ነፋሱ ያነሣዋል። ዛሬ አይነሣም። የመጀመሪያውን ሳል ሰማች። እሱ ይስላል፤ ዘወትር ይስላል፤ ሳሉ ደረቱ ውስጥ ኪራይ ሳይከፍል የሚኖር አሮጌ ተከራይ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛ ሳል መጣ። ይህ ግን የተከራዩ አልነበረም፤ አጭር፣ ደረቅ፣ የሚቆርጥ ሳል ነው።

"ውጣ!" ብላ ጮኸች።

ብሩሹን ከፍ አድርጎ አንድ ጣት አሳያት፤ አንድ ግድግዳ ቀርቶኛል ማለቱ ነው።

"ውጣ አልኩህ! እረፍ!"

"ሊያልቅ ነው እኮ" አለ ሥራ አስኪያጁ በደግነት።

ባሏ ከጭምብሉ ውስጥ፣ "ብወጣ ይህ ግድግዳ ይበላል፤ አንቺ ብቻ ውሃውን አምጪ፣ አፍንጫዬ" አላት። አሲዱን አፍስሶበታል፤ እውነቱን ነው። ውሃውን አመጣች። ቱቦውን ጥላ፣ ከዳሩ ተንበርክካ፣ አላሸተትኩትም፣ ውጣ ልትለው ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ቃሉ ከመጣበት ተመለሰ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው ብላ አሰበች። እንዲህ የምታስብ ሴት አልነበረችም፤ ሃያ ስድስት ዓመት "ጥቂት ደቂቃ" የሚል ሰው ስትቆጣ የኖረች ናት።

ሲጨርስ ሶዳውን አወረደችለት። የተጠራቀመው ውሃ ውስጥ በተነው፤ አረፋው ገንፍሎ ጉልበቱ ድረስ ወጣ፣ ቀስ ብሎም ወረደ። አሲዱ ሞተ። ከዚያ መሰላሉን ያዘ። አራተኛው መወጣጫ ላይ ቆመ፤ ቆሞ ተነፈሰ። የቀረውን መወጣጫ እጁን ይዛ ሳበችው።

ጭምብሉን ሲያወልቅ ፊቱ ላይ ቀይ መስመር ታትሟል። ዐይኑ ያነባል። ዞሮ ገንዳውን አየ። እንደ ወተት ነጭ ነበር።

"እንዴት ነው፣ ልጄ?"

"በጣም ቆንጆ!" አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ከልቡ ነው። ስልኩን አንሥቶ ፎቶ አነሣ።

ዘበኛው በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፣ ሻይ አምጥቶላቸው መኪና ሊያስገባ ሄደ። ባሏ ብርጭቆውን ይዞ አልጠጣም። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ።

"ዛሬ ያዝ አደረገኝ" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ማጣሪያው ደህና ነበር፣ አይደል?"

ይህ ሁለተኛው ጊዜ ነበር። ከሁሉም በላይ በኋላ ሌት ተቀን የምትመለስበት ይህ ነው። የመጀመሪያው በሰው ፊት ነበር፤ በችኮላ ነበር። ይህ ግን ሁለቱ ብቻቸውን፣ በፀሐይ ላይ፣ ጊዜ እያላቸው ነው። "አላሸተትኩም፤ ጉንፋን ይዞኛል፤ ተነሥ ሐኪም ቤት እንሂድ" ለማለት የሚወስደው አንድ ትንፋሽ ነው። ግን እንዲያ ብትል ሁለት ሰዓት ሙሉ በጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጠችው እሷ ልትሆን ነው።

"ደህና ነበር አልኩህ እኮ።"

"እንግዲያ ሌላ አይደለም፤ ነፋስ በማጣቱ ነው" አለ። ልቡ ዐረፈ። "ማታ በእንፋሎት እታጠናለሁ፤ እንዳንቺ።"

ለካ ጠዋት ሻዩ ላይ ስትታጠን አልተታለለም ነበር። ወይም ተታልሏል፤ ለቀልድ ብቻ ነው ያለው። ይህንንም እስከ ዛሬ አታውቅም።

ቤት ሲደርሱ ተኛ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መተኛት አቃተው፤ ተነሥቶ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ሩቅ እንደ ሮጠ ሰው ይተነፍስ ነበር። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። መሐረቡ ላይ የተፋው አረፋ ሮዝ ቀለም አለው። ጎረቤታቸው ባለታክሲ ሁለቱንም ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሳቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምትሠራው። "ጋዝ ስበዋል፤ ሳንባቸው ፈሳሽ እየያዘ ነው" አለች። "ስንት ሰዓት ላይ ነበር?"

"አራት ሰዓት። ጠዋት።"

ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ነው። ከዚያ፣ "ጭምብል አድርገው ነበር?"

"አዎ።"

"ማጣሪያው አላለቀም ነበር?"

"ሞክሬው ነበር" አለች። ሐሰት አልነበረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነቅቶ አገኘችው። አፍና አፍንጫውን የኦክስጅን ጭምብል ሸፍኖታል፤ አሻግሮ የሚያሳይ፣ ሽታ የሌለው ጭምብል። ዐይኖቹ ክፍሉን ዞረው እሷ ላይ ዐረፉ። ወንበሯን አስጠግታ እጁን ያዘች። የአሲድ ጠባሳ ያለበትን አውራ ጣቱን እያሸች፣ ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ። ምንም አልሸተተኝም። ብቻህን እንዳትሄድ ብዬ ነው። ስለ ማጣሪያው ሁለት ጊዜ ዋሸሁህ።

አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጭምብሉ ውስጥ ሆኖ ተናገረ። ሦስት ወይም አራት ቃል ይሆናል። ፕላስቲኩ በትንፋሹ ጉም ለበሰ፤ የማሽኑ ፉጨት ቃሉን በላው። ጆሮዋን አስጠጋች። "ምን አልከኝ?" አለችው። ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ጭምብሉን ላንሣለት ብላ እጇን ስትዘረጋ ነርሷ ያዘቻት፤ "አይነካም፣ እናቴ።"

ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ወፍራም ጎማ ውስጥ ሆኖ ያወራውን ሁሉ ሰምታዋለች። ቀልዱን፣ ስድቡን፣ ዘፈኑን ሳይቀር። ይህን ግን አልሰማችውም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐረፈ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘበኛው ያን ዕለት ሆቴሉ ቀርቶ የነበረውን የዕቃ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረው። "ሥራውን ለባለማሽኖቹ ሰጧቸው" አላት። "ሥራ አስኪያጁ ግን አዝኗል፤ እውነቴን ነው። ገንዳው እንደዚያ ነጥቶ አያውቅም እያለ ለሰው ሁሉ ያሳያል።" ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ "እኔማ በሩን ስከፍት አፌ ራሱ ሊቀ ገንዳ ይላል" አለና ተነሣ። እስከ በሩ ሸኘችው።

በማግስቱ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ሳሙናው ሸተታት። ቀጥሎ ላምባው፤ ቀጥሎ እርጥቡ ፎጣ። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሳይጠሩት እንደ መጣ እንግዳ ገባ። ፎጣውን ሰቀለች። ከዚያ ከረጢቱን ፈታች። ጭምብሉ ከሁሉም በላይ ነበር፤ ዘበኛው ይሁን ሌላ ሰው በየቦታው መልሶ ከቶታል። ግቢ ውስጥ ጥግ ላይ ከሌላ ሥራ የተረፈ፣ ግማሽ የቀረ የአሲድ ጀሪካን አለ።

ጭምብሉን አጠለቀችው። ማሰሪያው በእሱ ራስ ልክ ነበር፤ አጠበበችው። ጀሪካኑን ከፍታ ጎንበስ አለች።

ሦስት ጊዜ መሳብ አላስፈለጋትም። በመጀመሪያው ትንፋሽ አሲዱ እንደ መርፌ ገብቶ ጉሮሮዋን ወጋው። ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ጭምብሉን አወለቀች፤ ስላ፣ ተፍታ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከተቀመጠችበት ተንጠራርታ የጀሪካኑን ክዳን ገጠመች።

"ሞቷል" አለች። ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ማጣሪያዎቹን ፈታ ጣለቻቸው። መሳቢያው ውስጥ ያሉት አዲሶቹ ከነማሸጊያቸው እዚያው ናቸው። ብሩሾቹን አጥባ ሰቀለች፤ ቦት ጫማዎቹን በሩ ሥር ጎን ለጎን አቆመች፤ ካልሲውን ከአንደኛው፣ ጓንቱን ከሌላኛው ውስጥ አውጥታ አጠበች። ሻይ ጣደች። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ሁሉም ነገር ይሸታታል አሁን። አፍንጫዬ የሚላት ሰው የለም።